የቶለሳ ጠጅ

ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል፣ መቱ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤታችን እትዬ አረጋሽ ቤት እንሰበሰብ ነበር። እትዬ አረጋሽ ጠጅ ጣይ ነበሩ። ያኔ ኩራዛቸውን ከጋኑ አጠገብ አስቀምጠው፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ተረት ይነግሩን ነበር፤ የጅቡንም የጦጣውንም ረስቻለሁ፣ የጠጃቸውን ስም ታሪክ ግን እስክሞት አልረሳውም።

ጠጃቸው ነጣ ያለ፣ ጣፋጭ ነበር፤ ያዮ ጫካ ገተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ከሚቆረጠው ነጭ ማር ነው የሚጥሉት። ማሩን ረጅም ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ እየቆረጠ የሚያመጣላቸው ቶለሳ የሚባል ሰው ነበር። አንድ ዓመት ለሠርግ ጠጅ ታዘዙና ቶሎ አድርስልኝ ብለው ጨቀጨቁት። ዛፍ የምወጣበት ገመድ አርጅቷል፣ አዲስ ልግመድ ቢላቸው አይሆንም አሉ። ወጣ፤ ማሩን ቆርጦ ሲወርድ ገመዱ ተበጠሰ። ማሩ በስልቻው እንዳለ መቱ ደረሰ፣ ቶለሳ ግን ከወደቀበት አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ጋን ሲከፈት የመጀመሪያውን ብርሌ ለማንም አይሸጡም፤ የቶለሳ ነው ብለው ደጃፍ ላይ ያኖሩታል። ጠጪውም ከቶለሳው ይቅዱልን ማለት ጀመረ። ስሙ የወጣው እንዲህ ነው።

«ልጄ፣ ያቻኮልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ አንድ ምሽት ዓይናቸውን ከፍሙ ሳያነሡ። «ስታድጊ ይህን ሳትናገሪ እንዳትጠጪው።»

እሳቸው ካረፉ በኋላ ሥራውን የወንድማቸው ልጅ ወረሰው። አምና ጎሬ ሠርግ ተጠርቼ ብሄድ ጠጁን በጠርሙስ ታሽጎ አገኘሁት። የተለጠፈበት ወረቀት «ቶለሳ የተባሉ ባለጸጋ ለክብር እንግዶቻቸው ያስጥሉት የነበረ» ይላል። ባለጸጋ! አንድ ጥማድ በሬ እንኳ ያልነበረውን ሰው! ደሜ ፈላ። ያውም ወራሹ ራሱ አብሮኝ ፍሙ ዳር ተቀምጦ የሰማውን ታሪክ! እዚያው ሠርጉ ላይ ነበርና ይዤ ብጠይቀው ቅንጣት አላፈረም።

«እህቴ፣ ከዛፍ ወድቆ በሞተ ሰው ስም ማን ይጠጣል?» አለኝ።

እትዬ አረጋሽ ስሙን ያኖሩት ጥፋታቸውን ላለመርሳት ነበር፤ እሱ ሟቹን ሀብታም አድርጎ ጥፋቱን አጠበው። አንድ ጠርሙስ አስከፈትኩና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድቼ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አኖርኩት። የማን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ ገመዱንም ጥድፊያውንም፣ ያቻኮለውንም ሰው ስም ጭምር። ሠርግ አበላሸች ያሉኝ አሉ፣ ይበሉ። ከዚያ ጠጣሁ። ጣዕሙ ያው የጥንቱ ነው፤ ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።