ጋሽ ደምሴ ጠቅልለው ያላጨሷቸው ሲጋራዎች

ዛሬ ጠዋት የጋሽ ደምሴ ልጅ ሳራ ኮል ስታደርግልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ልገባ ፓርኪንግ ውስጥ ነበርኩ። "አባዬ አረፈ" አለችኝ። የሰማሁትን ስላላመንኩ "የቱ አባዬ?" አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እሑድ እኮ በስልክ አውርተናል፣ እየሳቁ ነበር። ይህን እየጻፍኩ እንኳን እውነት አልመስለኝ ብሏል።

ጋሽ ደምሴን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በታክሲያቸው ነው። እኔ ጎረቤታቸው ነበርኩ። ስካይላይን አፓርታማ ስኖር በራችን ፊት ለፊት ነበር።

ሲጋራ በፓኮ ገዝተው አያውቁም። ትምባሆውን በከረጢት፣ ስስ ወረቀቱን ለብቻ ይገዙና ራሳቸው ይጠቀልላሉ። ሱዳን በስደት ሳሉ የለመዱት ነው። ከጉዞ ስመለስ ኤርፖርት የሚቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ። መኪናቸውን ተደግፈው፣ ወረቀቱን ጣታቸው ላይ አስተኝተው፣ ትምባሆውን በትነው፣ በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው፣ ጫፉን በምላሳቸው አርሰው ሲዘጉት ዓይናቸው እሱ ላይ አይደለም። ከሰው ጋር እያወሩ ነው።

ከዚያ ስትሮኩ መጣ። ንግግራቸው ቶሎ ተመለሰ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ቀረ። ዶክተሩ ሲጋራ በቃ አላቸው። እሳቸውም "በቃ" አሉ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ትምባሆውንም ወረቀቱንም ላይተሩንም ያኔውኑ አውጥታ ጣለች።

እትዬ አልማዝ ሆቴል ሃውስኪፒንግ ነው የምትሠራው። ስንቱን አልጋ ስታነጥፍ ውላ ትመጣና ደግሞ እሳቸውን ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ጋሽ ደምሴን ከበሽታው ይልቅ የከበዳቸው ይሄ ነበር።

ያኔ ሥራ የምገባው ከሰዓት ስለነበር እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ቴራፒ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ቴራፒስቷ እንደ ሊጥ ያለ ነገር እጃቸው ላይ ታደርግና ይጨብጡ፣ ይልቀቁ ትላቸዋለች። ያደርጋሉ፣ ግን ልባቸው የለበትም። አንድ ቀን ስንመለስ መኪና ውስጥ፣

"ልጄ፣ ትምባሆና ወረቀት ግዢልኝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይሄንንስ አላደርገውም" አልኳቸው።

"ላጨሰው አይደለም። እጄ የሚያውቀው ሥራ እሱ ነው። ምናልባት በሚያውቀው ብጠራው ይመጣል።"

እትዬ አልማዝ ካልፈቀደች አልገዛም አልኩ። ከሥራ ስትመጣ ሦስታችን ተቀመጥን፤ ነገርናት። "አንዷን ብታጨስ እኔና አንተ አንተያይም" አለቻቸው። ቀጥላም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ላይተር፣ ክብሪት የሚባል እዚህ ቤት አይገባም" አለች። በዚህ ተስማማን።

መጀመሪያ ላይ ማየቱ ራሱ ያስጨንቅ ነበር። ወረቀቱ ይቀደዳል። ትምባሆው ምንጣፉ ላይ ይበተናል። በግራ እጃቸው ለቅመው እንደገና ይጀምራሉ። ላግዝዎት ሲባሉ፣ ደከመዎት ወይ ሲባሉ፣ ምሳ ቀርቧል ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ገና ነኝ።" ጮክ ብለው አይሉትም። ብለውም ሌላ ወረቀት ያወጣሉ።

ሲሳካላቸው ደግሞ ሌላ ትግል መጣ። አንድ ረፋድ ላይ ስገባ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀጥ ብላ የተጠቀለለች ሲጋራ ይዘዋል። ከታች ያለው ጎረቤት ያጨሳል፤ ሽታው ሽቅብ ይመጣል። ጋሽ ደምሴ ሲጋራዋን አፍንጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ፣ ወረቀቱን ቀደዱ፣ ትምባሆውን ወደ ከረጢቱ መለሱት።

"ማጨሱን የሚፈልገው ሌላ ሰውዬ ነው" አሉኝ ዞር ሳይሉ። "እኔ ሸሚዜን መቆለፍ ነው የምፈልገው።"

ሰመሩ፣ የሙቀቱ ወቅት፣ ሳያልቅ ሸሚዛቸውን ቆለፉ። ቴራፒስቷ ምን ቢያደርጉ ነው ብላ ስትጠይቅ ትምባሆውን ከኪሳቸው አውጥተው ፊቷ ጠቀለሉላት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እንባዋ መጣ፣ ፊቷን አዞረች። መኪና መንዳቱ ግን አልተመለሰም። ታክሲውን ሸጡት፣ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም።

ከሁሉም የማልረሳው አንድ እሑድ ምሳ ነው። እትዬ አልማዝ እንደ ልማዷ ልታጎርሳቸው ስትጠጋ "ቆይ" አሏት። በቀኝ እጃቸው ቀስ ብለው ጠቅልለው እሷን አጎረሷት። እያኘከች አለቀሰች። እሳቸውም ሁላችንን አየት አድርገው፣ "ጨው በዛበት እንዴ?" አሉ።

ከስትሮኩ በኋላ አንድም አላጨሱም። ሳራ እንደነገረችኝ ዛሬ ጠዋት ራሳቸው ለብሰው፣ ራሳቸው ቁርስ በልተው፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ነው ልባቸው የቆመው።

የምትችሉ ሁሉ ዛሬ ከሥራ መልስ ስካይላይን፣ እነሱ ቤት እንገናኝ። እኔ የሳምንቱን ሺፍቴን ቀይሬያለሁ። እናንተም የምትችሉትን ቀን ንገሩኝ፣ ተራ እንይዛለን። እትዬ አልማዝ ብቻዋን አትሆንም።

ጋሼ፣ ስለ እሷ አያስቡ። ሥራ ስትገባ አደርሳታለሁ፣ ሳትገባ አብሬያት እውላለሁ። ሳራም አለች፣ እኛም አለን። እርስዎ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ የቀረውን ለእኛ ይተዉልን። እግዚአብሔር ደጁ ላይ ቆሞ ይቀበልዎት። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ ደምሴ።