ከውጭ የተቆለፈበት የበር ሐኪም

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ ምን ያህል ይሆናል? የሚስቴ ታናሽ ወንድም በሃያ ሁለት ዓመት ሙያው ስንት በር እንደከፈተ የቆጠረለት የለም፤ ሰፈሩ የሚያስታውስለት ግን አንዷን ብቻ ነው።

ቁልፍ ቀራጭ ነበር። የተበላሸ ጓጉንቸር ሲያመጡለት ጆሮውን ለጥፎ፣ ቀጭን ሽቦ ሰዶ፣ "እሺ የኔ እመቤት፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?" ይላታል። ጠቅ! "የበር ሐኪም" ያሉት ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ካዝና ሲያወርዱ እግሩ ላይ ወደቀበት። የታዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን እግሩን ለቀቀና እሱን ያዘው። በዚያ ክፉ ጊዜ የመድኃኒት ቤቱን የኋላ በር በሽቦ ከፈተ። በማግስቱ ራሱ ሄዶ ተናዘዘ፤ ታከመ፤ ስምንት ወር ሙሉ ክኒን ባፉ አልዞረም። ስሙ ግን "ክኒኑ" ሆኖ ቀረ።

ቁልፍ የሚያስቀርጽ ጠፋ። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ፊት ለፊቱ፣ "ቁልፌን ሰጥቼህ ቤቴን ይዘህብኝ ብትሄድስ?" አለው።

"ቤትህን ምን ላደርገው? ዳቦህ እንኳ ድንጋይ ነው!"

ሳቅን። ቁልፉን የሰጠው ግን የለም።

ሚስቴ ሥራ ስትሄድ እኛ ቤት የሚኖርበትን ክፍል ከውጭ ቆልፋበት ቁልፉን ለእኔ ትሰጠኝ ጀመር። ያከመው ሐኪም "ሕመም ነው፤ እንደ ታማሚ እዩት እንጂ እንደ ወንበዴ አትዩት" ብሏት ነበር። "እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ አትፍረዱብኝ" ትላለች።

"እትዬ፣ ይህን በር እኮ የገጠምኩት እኔ ነኝ። እስከ አስር ሳትቆጥሪ እከፍተዋለሁ።"

"ታዲያ ምን ያዘህ?"

"እኔ ከከፈትኩት ሌባ ነኝ። እናንተ ስትከፍቱልኝ ነው ሰው የምሆነው።"

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እኔ ሳሎን ተቀምጫለሁ። በሩ ከውስጥ ተንኳኳ።

"ጋሼ፣ ደረቴን ወጋኝ።"

 "አመመኝ ቢልህ እንዳትከፍት፤ የሱስ ዘዴ ነው" ብላኛለች ሚስቴ። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ሳልደርስ ቆምኩ። ምን እንደፈራሁ ዛሬም አጥርቼ አልናገረውም። እሱ ቀጭን፣ አንካሳ ሰው ነበር።

"ጋሼ፣ እዚያ እንዳሉ አውቃለሁ። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ሲንቃጨል ይሰማኛል።"

እውነቱን ነው፤ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን አገላብጠው ነበር። ድምፁ እንዳይወጣ ቁልፉን ጨምድጄ ያዝኩት።

ቀጥሎ ሽቦ የበሩን ቀዳዳ ሲጭር ሰማሁ። መቁጠር ጀመርኩ። አስር ደረስኩ፤ ሃያ ደረስኩ። በሩ አልተከፈተም። ጭረቱም ቆመ።

ሚስቴ ስትመጣ ከፈትን። የበሩ ደፍ ላይ ወድቋል፣ ሽቦው በጣቶቹ መሃል። ሆስፒታል ስናደርሰው ልቡ መሆኑን ነገሩን፤ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ ይተርፍ ነበር አሉ። ክኒን በደሙ ውስጥ አልተገኘም። ሌሊቱን ሳያጋምስ አረፈ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኛ የፈራነው አልደረሰም፤ ፍርሃታችን ግን ደረሰበት።

የዚያኑ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚስቴ ልትቆልፍበት ቁልፉን ስታነሳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየን።

"ዛሬ እንኳ ሳትቆልፉት ዋሉ። ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት አላልኩም፤ ገርበብ ብቻ አድርጉልኝ።"