ጠዋት ጠዋት የምትሳሳተው ሴት

የወንድሜ ሚስት ዓይኗን ጨፍና ማመልከቻ ትጽፋለች። ደንበኛው ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ አራት ነጥቡን አድርጋ ትጠብቀዋለች። እንዲህ ያለች ሴት ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ግን የይለፍ ቃሉን ትስታለች። አንድ ቀን ሁለት ቀን ቢሆን ምን ነበረበት፤ ሁልጊዜ! ትስትና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑ ላይ ታፈጣለች፤ ከዚያ ነው ደግማ በትክክል የምትመታው። እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ቆሜ እቃጠላለሁ። ሰው ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ተኮልኩሏል።

ወንድሜ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሱቁን የከፈቱት አብረው ነው፤ ኮምፒውተሩንም ያዘጋጀላት እሱ ነው። ኀዘን ልቧን ወስዶታል አልኩ። እውነት ለመናገር ትንሽ ቀናሁባት፤ እኔ እህቱ ሆኜ አንድም ወረቀት ተጣሞብኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት ቀለም ልትገዛ ስትወጣ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ከፈትኩና ጣቶቿን እያየሁ ያጠናሁትን የድሮውን ስምንት አሃዝ አስገባሁ፤ አዲሱን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አደረግኩት። ከሥሩ ሰው ሲሳሳት ብቅ የሚል ፍንጭ የሚጻፍበት ቦታ አለ። «እስከ አራት ቁጠሪ» ብዬ ጻፍኩ። ሌባ ቢመጣ እንኳ አይቸገርም። ጠዋት ላስደንቃት ብዬ ዝም አልኩ።

በማግስቱ እንደ ልማዷ ተሳሳተች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየች። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አደረግሽው?»

«ቀላል አደረግኩልሽ፣ እትዬ። እስከ አራት ብቻ ነው።»

«የእሱን ጽሑፍ ነው የምልሽ!»

«የምን ጽሑፍ?»

«ስሳሳት የሚወጣውን። ‹ቀናችንን ረሳሽው? ጉድሽ ፈላ!› ይለኝ ነበር። ቁጥሩ የሠርጋችን ቀን ነው። ረስቼው መሰለሽ እንዴ?»

ጉድሽ ፈላ! ልጅ ሆነን ደብተሩን ስደብቅበት እንዲህ እያለ ነበር በግቢው የሚያባርረኝ። ያ የሚያሾፍበት ድምፁ ናፈቀኝ። ለካ በየጠዋቱ አጠገቤ ነበር፤ እኔ ወረቀት ሳባዛ አላየሁትም።

«መልሼ ልጻፈው፣ ቃል በቃል» አልኳት።

«አንቺ ከጻፍሽው ያንቺ ነው፣ እህቴ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አራቱን ቁጥር መታችና «እሺ አባቴ፣ ለማን ነው የሚጻፈው?» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ ትከፍተዋለች። ወረፋው ቶሎ ያልቃል፤ ደንበኞች ያመሰግኑናል። እኔ ማሽኑ ጋ ቆሜ ጣቶቿን አያለሁ። ብትስትም የሚወጣው የኔው የጅል ጽሑፍ ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም፣ ምነው አንድ ቀን ብትሳሳት እላለሁ።