በስመ እና ቢስሚላህ

በስደት በምንኖርበት በሳውዝ ሲ ሰፈር፣ መስጊዱ አጠገብ ሳምቡሳ ሲጠበስ በሸተተኝ ቁጥር እትዬ ዘይነባ ትዝ ይሉኛል። የልጅነት ጎረቤታችን ነበሩ፤ የወሎ ሰው። ሳምቡሳ የሚሰጡኝ መጀመሪያ "ቢስሚላህ" ካልኩ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እቤታችን ምሳ ቀርቦ አባቴ "በይ ባርኪ" ሲለኝ "ቢስሚላህ" አመለጠኝ። አባቴ ወደ ትሪው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

"ምን አልሽ?"

"በስመ አብ ማለት እኮ ነው አባዬ። እትዬ ዘይነባም 'ቢስሚ' ሲሉ 'በስመ' ማለታቸው ነው።"

"የእነሱና የእኛ አምላክ አንድ አይደለም! ሁለተኛ እዚያ ቤት ድርሽ እንዳትዪ!"

በነጋታው ሄድኩ። አባቴ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

"ባለቤቱን ጠይቆ ነው?" አሉኝ።

የቤታችንን ባለቤት መስሎኝ፣ "አከራያችን እኮ ሞምባሳ ነው ያለው" አልኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና ሁለት ሳምቡሳ ጨመሩልኝ።

ማንን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ ግን ዛሬም ያንኑ ይላል።

ዛሬም ከመስጊዱ ደጃፍ ሁለት ሳምቡሳ ገዛሁ። "በስመ አብ" አልኩ፤ "ቢስሚላህ"ም ጨመርኩበት። ቅር ያለው ካለ ባለቤቱን ይጠይቅ።