የዓሣው ድርሻ

ያሳሰረኝ አንድ ፊደል ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ዓ 20» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዓሣ ለማለት። ሥራዬ የሐብሩ ወረዳን ወንዞች መለካት ነው። በበጋ ገበሬው ውሃውን ለመስኖ ሲጠልፍ ለዓሣው ሃያ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲቀር፣ ወንዙ ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ቀይ መስመር እቀባለሁ። በጦርነቱ ጊዜ መርሳ ከተማን የያዙት ታጣቂዎች ወንዝ ዳር አገኙኝ። የየትኛው ወገን እንደነበሩ አልጽፍም፤ አንባቢው የጠላውን ይሙላበት።

«ዓ የሚባለው ማነው? ሃያውስ ሰው ነው መሣሪያ?» አለኝ መርማሪያቸው።

«ዓሣ ነው» አልኩ። «ሃያው ውሃ ነው።»

መርማሪው ሳቀ። ከዚያ በደብተሩ ጀርባ አፌን መታኝ። «ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አንተ ለዓሣ ውሃ ትለካለህ?»

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ የማሽላ አቧራ አፈነኝ፤ ቀጥሎ የሽንት ሽታ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ።

«የዓሣው ጠበቃ! አንተንም አመጡህ?» አለኝ አንድ ድምፅ።

አወቅኋቸው። የአንድ የሐብሩ መንደር የውሃ አባት ናቸው፤ የመስኖው ውሃ መቼ ለማን እንደሚለቀቅ የሚዳኙ ሽማግሌ። ባለፈው ዓመት የቀባሁትን መስመር በዶማ ፍቀው አጥፍተውብኝ ነበር። «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለዓሣ?» ብለውኝ ተኳርፈን ተለያየን። አሁን ደግሞ ቦይ ሊያዞሩ ዶማ ይዘው ሲወጡ ምሽግ ቆፋሪ ተብለው ታስረዋል።

በየጠዋቱ አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ይገባልናል። የሚያድሉት እሳቸው ናቸው፤ ሙያቸው ነውና ማንም አልተከራከረም። በመንደራቸው ደንብ፣ ከበሩ ጀምረው ወደ ውስጥ፣ እስኪያልቅ በጣሳ ያዳርሳሉ። ጥግ ላይ አንድ የወልድያ ሚኒባስ ሹፌር ተኝቷል። የተመታው ጎኑ ጠቁሯል። ጠዋት የሚሰጡትን ያስመልሰዋል። ትኩሳቱ የሚነሣበት ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ከንፈሩን እየላሰ «ውሃ የለም?» ይላል። የለም። ይህ ሰው ዓይናችን እያየ በውሃ ጥም ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ።

«አባባ፣ ከሥር ትንሽ ይቅርለት» አልኳቸው።

«ድርሻውን ጠዋት ሰጥቼዋለሁ። ደንብ ነው፣ ልጄ።»

«ጠዋትማ ወንዙም ደህና ነው። ዓሣው የሚሞተው ፀሐይ ሲበረታ ነው።»

እዚህም ገብቼ ስለ ዓሣ በመስበኬ በራሴ ተናደድኩ።

በማግስቱ ጀሪካኑ ሲገባ ሽማግሌው ከግድግዳው ሚስማር ነቀሉ። ከጀሪካኑ ታች አራት ጣት ለክተው መስመር ጫሩበት።

«ከዚህ በታች የዓሣው ነው» አሉ።

ማንም አልሳቀም። አንድ የሐራ ነጋዴ ብቻ ጣሳው ጎደለብኝ ብሎ አጉረመረመ።

«አብሽር» አሉት። «ነገ አንተም ዓሣ ትሆናለህ።»

ሁለት ቀን ከሰዓት ሹፌሩ ጠጣ። ራሱን ደግፈው ጠብ ጠብ ያደርጉለታል። አንዴ ዓይኑን ገልጦ «አባባ፣ ከዚህ ስንወጣ ጋቢና ነው የማስቀምጥዎ» አላቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ጣሳውን ይዘው ሲጠጉት ሞቷል።

ውሃው እንዳለ ነው። የሁላችንም ጉሮሮ ደርቋል። የእኔ ዓይን ከሬሳው ይልቅ ጀሪካኑ ላይ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«ክርስቲያን ነው አይደል?» ብለው ጠየቁ። «እንግዲያስ ከእናንተ አንዱ ራሱን ይያዝልኝ።»

እኔ ያዝኩት። በዓሣው ድርሻ ፊቱን አጠቡት፤ እጁን፣ ጎኑ ላይ የደረቀውን ደም። ነጋዴው ለመገነዣ ነጠላውን አውልቆ ሰጠን። አንድም ሰው ውሃ አልጠየቀም።

ከቀናት በኋላ ያሰሩን ሰዎች ከተማውን ለቀው ሄዱ። በሩን ገፍተን ወጣን።

ባለፈው በጋ ቀለሜን ይዤ ወደ ሽማግሌው መንደር ወረድኩ። ድንጋዩ ላይ በመሮ የተፈለፈለ መስመር ቀድሞኛል። ለካሁት፤ እኔ ከቀባሁት ከፍ ያለ ነው።

«አባባ፣ ይሄማ በዛ» አልኳቸው። «የምጠይቀው ሃያ ነበር።»



«ሃያው የዓሣህ ነው» አሉ። «አራቱ ጣት የሹፌሩ።»

ደብተሬን አወጣሁና «ዓሣ» ብዬ፣ ፊደል ሳላስቀር ጻፍኩ፤ ሃያ። አራቱን ጣት በምን ስም እንደምመዘግበው ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።