ሁለተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል

ፊልም ሳይ ታሪኩን አልከተልም። ዓይኔ የሚፈልገው ሰውዬው በር ሲከፍት በቀኝ እጁ የነበረው ቦርሳ ወንበር ላይ ሲቀመጥ በየትኛው እጁ እንዳለ ነው። ልጆቼ አብረውኝ ማየት ትተዋል፤ «ደግሞ ጀመረች» ይሉኛል። ሰውንም የማየው እንደዚሁ ነው። ትናንት ያለኝንና ዛሬ የሚለኝን አስተያያለሁ። ክፉ አመል መሆኑን አውቃለሁ። የወረስኩት ከአባቴ ነው።

አባቴ ጅጋ አጠገብ ባለ አንድ ደብር መሪጌታ ነበሩ። ከማስተማራቸው ሌላ የሚታወቁት መጽሐፍ በማረም ነው። አንድ ጸሐፊ አዲስ ብራና ገልብጦ ሲጨርስ ወደ እሳቸው ያመጣዋል፤ እሳቸውም አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። የተሳሳተው ቦታ ላይ ሲደርሱ በትንሽ ቢላዋ ይፍቁታል። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ስህተት አንድ ዓይነት ነበር። ጸሐፊው ያው ቃል ሁለት ቦታ ሲገጥመው ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገርና በመካከል ያለው ሳይጻፍ ይቀራል። «ዓይኑ ዘሎበታል» ይላሉ አባቴ። ጎረቤት ወሬ ሲያወራላቸውም እንደዚያው ነበሩ፤ «ቆይ፣ ቅድም በቅሎዋ አነከሰች ብለህ አልነበር? በምን መጣህ?» ብለው ሰውዬውን መግቢያ ያሳጡታል። እኔ ደግሞ በሰፈሩ ያየሁትን ሁሉ እየለቃቀምኩ ለእሳቸው የማቀብል ልጅ ነበርኩ። እህቴ «ጆሮ ጠቢ» የምትለኝ በከንቱ አልነበረም።

ደርግ ከወደቀ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። እህቴ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን የማደርስላት እኔ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች በየካቲቱ ዕረፍት ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጡና በከተማው ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቀረጹ። በፈተና ኮርጇል ተብሎ የተጠረጠረ ተማሪ ታሪክ ነው። ክፍሉን የሚሞሉ ተማሪዎች ሲፈልጉ እህቴም ተመረጠችና ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። የምትናገረው ነገር አልነበራትም። ከክፍሉ ጋር አብራ «አዎ መምህር» ማለት ብቻ ነው።

ፊልሙ በቪዲዮ ካሴት የደረሰን በዓመቱ፣ እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታ ለማትሪክ ስትዘጋጅ ነው። አገሩ ሁሉ ወደደው፤ ዛሬም ስለ ትምህርት ቤት የተሠራ ፊልም ሲነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። አንድ ቅዳሜ ስንቁን አድርሼ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። እህቴ ለማጥናት ቀርታ ነበር። አግዳሚው ከገበያ በመጣ ሰው ጢም ብሏል። ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረቡዕ» ተብሎ ተጽፏል፤ ወዲያው በዚያው ቀን ዕረፍት ላይ ዋናው ተማሪ እንቁላል በዳቦ ይበላል። ቪዲዮ ቤቱ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «በዓለ ሃምሳ ይሆናል» ብለው ሊያስታርቁ ሞከሩ። ከኋላቸው ያለው ገበሬ ግን አልተቀበለም። «በመስኮቱ ያልተወቃ ክምር ይታያል። ማን ነው እስከ ሃምሳ ክምር የሚያቆይ?» አለ።

እኔም የራሴን ጨመርኩ። የመምህሩ ጠመኔ ረጅም ነበር፣ ዞር ሲል አጠረ፣ እንደገና ረዘመ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ልጅ ሹራብ ነበረው፣ የለውም፣ አለው። ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ልቤ አበጠ። ቀጥሎ ያየሁትን ሳላስብ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ «እዩዋት፣ ያቺ ልጅ ማተብ ነበራት፣ አሁን የለም» አልኩ።

ያቺ ልጅ እህቴ ነበረች። ሳቁ ቆመ። ከጅጋ የመጡ ሰዎች መኖራቸውን ያወቅኩት ያኔ ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት አባቴን ተሳልመው «መሪጌታ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው? ፍኖተ ሰላም ብርድ ነው አሉ፤ አንገት ሲራቆት ደግ አይደለም» አሏቸው። አባቴ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልጉም። ለማንኛችንም ማተባችንን የሚያስሩልን ራሳቸው ነበሩ፤ የመሪጌታ ልጅ ማተቧን ፈትታ በፊልም ታየች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኔም አልጠፋኝም። ማታ ጠሩኝና «የፊታችን ቅዳሜ ስንቅ አትወስጅም። ይዘሻት ትመጫለሽ» አሉኝ። ማትሪኩ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። በእኛ ሰፈር እንዲህ ተብላ የተጠራች ልጅ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ አላየሁም፤ የሚቀጥለው ሰርግ ነው።

ቅዳሜ ስደርስ እህቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷታል። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀረጻው ሁለት ቀን ነው» አለችኝ፤ ዓይኗ ደብተሯ ላይ ነበር። «በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስታጠብ ተበጠሰ። በማግስቱ አዲስ አሰርኩ። በቃ ይኸው ነው።» አላመንኳትም። ግን እውነት እንዲሆን እንደዚያ አጥብቄ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

ብቻዬን ተመልሼ ያለችኝን ለአባቴ ነገርኳቸውና «አባ፣ ፊልሙ ሳይታረም የወጣ ነው። እርስዎ አይተው ይፍረዱ» አልኳቸው። «እንግዲህ አሳዪኝ» አሉ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በጓሮ በር አስገባኋቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ባለቤቱ ካሴቱን እያቆመ፣ እየመለሰ ያሳየናል፤ ሲቆም ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ሹራቡን አሳየኋቸው። ማተቧ ባለበት ሁሉ ልጁ ሹራብ ለብሷል፤ በሌለበት ሁሉ አውልቋል። «ሁለት ቀን የተቀረጸ ነው አባ። ቆራርጠው አንድ ላይ ሰፉት» አልኩ። አባቴ በጣታቸው አየሩን እየተከተሉ እንደ ብራና አነበቡት። «እንደገና» አሉ። ባለቤቱ መለሰው። «እንደገና።»

በሦስተኛው ጊዜ ቀድሞ ያላየሁትን አየሁ። መምህሩ «ገብቷችኋል?» ሲል ክፍሉ በሙሉ አፉን ይከፍታል፤ ማተብ የሌላት እህቴ ግን አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታለች። ምን ደብቃ ነው ብዬ ስጠረጥር ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ወደቀ። «ረቡዕ» ከሚለው ሥር እጅጌ ነክቶት የተፋቀ የጠመኔ ዱካ አለ፤ ጫፉ የተቆለመመ። ማተብ ባለበትም አለ፣ በሌለበትም አለ፣ አንድም ሳይለወጥ። እንዲህ ያለ ዱካ አድሮ አይገኝም። ሁለት ቀን የሚባል ነገር የለም፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እህቴ ዋሽታለች።

ወደ አባቴ ዞርኩ። ዱካውን ግን አላሳየኋቸውም።

«ይበቃል፣ አጥፋው» አሉ አባቴ። ሲወጡ ባለቤቱን አመሰገኑት። ከተማው መውጫ ላይ ስንደርስ «ዓይናቸው ዘሎባቸዋል» አሉ። «ቅዳሜ ስንቋን አድርሺላት።»

እህቴ ማትሪክ አለፈች፤ አስተማሪ ሆና ቡሬ ተመደበች። እኔ ግን ያቺን ልጅ፣ አፏን የዘጋችውን፣ ልረሳት አልቻልኩም። በእያንዳንዱ ነገሯ ጠረጠርኳት። ባል ስታገባ ጠረጠርኩ፣ ስትጾም ጠረጠርኩ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ቡሬ ቤቷ ልጇ ያንኑ ፊልም በሲዲ ከፍታ ስትስቅ፣ ሳይታወቀኝ እህቴን «የሰሌዳውን ዱካ አይቻለሁ» አልኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ግማሹን ከቀረጹ በኋላ ነው ያዩት» አለችኝ። «ልጅቷ የአዲስ አበባ ተማሪ ናት፣ ያ ክር አይሆንም አሉ። መቀስ ይዞ መጣ አንዱ። መቀስ አይነካውም ብዬ በጥፍሬ ፈታሁት። ያለበሱን ዩኒፎርም ኪስ የለውም። መሬት አላስቀምጠው፣ ለማላውቀው ሰው አልሰጠው። አፌ ውስጥ ከተትሁት። መብራቱ ያቃጥላል፣ ያ ፊት ለፊት ያለው ልጅ ሹራቡን አወለቀ፣ እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ሲያበቃ እዚያው መልሼ አሰርሁት። ለአባ መፍታቱን እንዴት ብዬ ልንገር? ተበጠሰ ማለት ቀለለኝ።»

በማግስቱ በሚኒባስ ጅጋ ወረድኩ። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ብራና ማረም ካቆሙ ቆይተዋል። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ስለ እህቴ ደህንነት ጠየቁኝና ከየት እንዳመጡት ሳላውቅ «ያንን ዱካ አንቺም አይተሽው ነበር» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «እርስዎም አይተዋል?»

«ዕድሜየን ሙሉ መጽሐፍ ያረምሁ ሰው ነኝ። በኋላ ቤት ስትመጣ ክሩንም አይቻለሁ፤ አዲስ አሰርሁ አለች፣ ክሩ ያው አሮጌው ነበር፣ ቋጠሮው ብቻ የኔ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እስከዚያች ቀን ያየሽውን ሁሉ ታመጭልኝ ነበር። እህትሽን ስትሸፍኝ አየሁሽ። አንቺ ዝም ካልሽላት እኔስ ምን ሆኜ ነው ብየ ይቅር አልኋት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ንገሪኝ እስቲ። የት አኑራው ነበር?»

«አፏ ውስጥ» አልኳቸውና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መቀሱን፣ ኪስ የሌለውን ዩኒፎርም።

አባቴ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «ክፍሉ ሁሉ ሲመልስ እሷ ዝም ያለችው» አሉ፤ «ጥፋቷ ነው አፏን የያዛት ብየ ነበር እኮ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይኸን ሁሉ ዓመት ይቅር ብያታለሁ እያልሁ ኖርሁ። ምኗን ነው ይቅር ያልኋት?»

መቋሚያቸውን በእጃቸው ፈለጉ፤ አቀበልኳቸው።

«ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና አሁን ይገኛል?» አሉኝ።