ውሃ ጠባቂው

ርዕሰ መምህርቷ አማቻቸውን መናቅ የጀመሩት ገና ከሠርጉ ቀን ነው። ሰውየው ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሰውን ፎቅ ለፎቅ ሲያመላልስ ይውላል እንጂ እሱ ራሱ ከነበረበት ፈቀቅ አይልም ይሉታል። ጊታር ገዝቶ ትቶታል፤ ብስክሌቱ በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ሆኗል። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያርሙት ተማሪ ስለሌላቸው ልጃቸው ቤት ገብተው እየኖሩ እሱን ሲያርሙት ይውላሉ።

ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ሲገተር ፊታቸው በራ። አማችየው ሲክሊድ የሚባሉ የአፍሪካ ሐይቅ ዓሦች ሊያረባ ነው።

"ይሄም እንደ ጊታሩ ከቀረ" አሏት ልጃቸውን ማድ ቤት ጠርተው፣ "ሻንጣሽን ይዘሽ ከኔ ጋር ወደ ቤቴ ትሄጃለሽ። ቃል ግቢልኝ።"

ፋርማሲስቷ ልጅ ከሥራ ደክሟት ነው የገባችው። "እሺ እማዬ፣ ይሄ ከቀረ" አለች፣ ለመገላገል ያህል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እናትየዋ ቃሏን ጨብጠው ያዙት።

ሰውየው ድንጋይ እየሰበሰበ ኮምጣጤ አንጠባጠበበት፤ አረፋ የሚያወጣውን ለዓሦቹ ውሃ ይስማማል ብሎ መረጠ። ዋሻ ዋሻ አድርጎ ደረደረው፣ አሸዋ አለበሰ፣ ውሃ ሞላ፣ ማጣሪያውን አስነሳ። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ዓሣ የለ፣ ምን የለ፤ ማታ ማታ ወንበር ስቦ ባዶ ውሃ ያያል።

"ምን እየጠበቅህ ነው?" አሉት።

"ውሃው እስኪደርስ ነው እማማ። ቆሻሻቸውን የሚበላው ባክቴሪያ ካልተራባ ዓሦቹ ይመረዛሉ።"

"ያልተጣደ ውሃ ሲደርስ ያየሁት እዚህ ቤት ነው!"

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ልጄን ያን ያህል ያስተማርኳት ለዚህ ነው? እያሉ ተንገበገቡ። ለጎረቤቱ ሁሉ "ውሃ ጠባቂው" እያሉ አሙት፤ ስሙም ተለጠፈበት።

ከሳምንታት በኋላ ዓሦቹ መጡ፤ ቢጫና ሰማያዊ፣ እርስ በርስ የሚባረሩ ጋጠወጦች። ብዙም ሳይቆይ የሴትዮዋ ዓይን አንዷ ቢጫ ላይ አረፈ። ምግብ ሲበተን አትቀርብም፤ ድንጋይ ሥር ተወሽቃ፣ ጉንጯ አብጦ፣ ትከሳለች። ታማለች ማለት ነው! በየጠዋቱ እየሄዱ ያዩዋታል፤ በከሳች ቁጥር ደስ ይላቸዋል። ትልቁን ሻንጣ ከቁም ሳጥን አናት አውርደው የልጃቸውን ልብስ አጣጥፈው ከተቱ። አማችየው ግን "አይንኳት፣ ትረፍ" ከማለት በቀር ጭንቀት የሚባል አልታየበትም። ደንቆሮ፣ አሉ በልባቸው።

አንድ ቅዳሜ ሞታ እንደሆን ሊያዩ ጎንበስ አሉ። ቢጫዋ አፏን ከፈተች። የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ዓሦች ከውስጥ ተግተልትለው ወጡ፤ ዓይን ብቻ የሆኑ። ሴትዮዋ ይበልጥ ሊያዩ መነጽራቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ያኔ ዓሣዋ ልጆቿን ለቃቅማ አፏ ውስጥ መለሰችና ዋሻዋ ገባች።

"ጠላት ሲጠጋባት ነው እንደዚህ የምትሰበስባቸው" አለች ልጃቸው ከኋላ ቆማ። "ሌላ ዓሣ አልተጠጋትም። አንቺ ነሽ እማዬ።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳትበላ? በአፏ ይዛ?"

"እሱ ከመጀመሪያው ያውቃል። ራሳቸው ይዩት፣ ደስ ይላቸዋል ብሎ ነው ያልነገረሽ።"

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ልጅቷ ሻንጣውን ከመኝታ ቤት እየጎተተች አመጣችው።

"የኔን ልብስ አውጥቼ ያንቺን ከትቻለሁ። ታክሲው ታች እየጠበቀሽ ነው።"

ሻንጣውን ተሸክሞ ያወረዳቸው አማችየው ነው። ራሱ የሚጠግነው ሊፍት ያለ ምንም መንገጫገጭ ይወርዳል። በዕድሜያቸው እንዲህ ተንቀው አያውቁም፤ የናቃቸው ደግሞ እሱ አይደለም፤ የገዛ ልጃቸው ናት።

"ጫጩቶቹ ሲያድጉ ይምጡና ይዩዋቸው እማማ" አላቸው በሩን እየከፈተ።

ርዕሰ መምህርቷ "ውሃ ጠባቂ!" ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።